የአንድን ቀለም ታሪክና ትርጉም በጎጃም ለማጥናት፦ ከብራና እስከ እንሶስላ

ስለ ቀለም ትርጉም ሲነሣ ብዙዎቻችን በቃል የያዝነው ዝርዝር አለ፤ ነጭ ሰላም፣ አረንጓዴ ልምላሜ፣ ቢጫ ተስፋ፣ ቀይ መሥዋዕትነት፣ ጥቁር ኀዘን። ይህን ዝርዝር ይዞ ጥናት የሚጀምር ሰው መልሱን አስቀድሞ ጽፎ ጥያቄ ፍለጋ የወጣ ነው። ጎጃም ውስጥ ቀይ ጤፍ አለ፤ ቀይ አፈር አለ፤ ቀይ ዶሮ አለ፤ ቀይ የምትባል ልጅ አለች፤ በብራና ላይ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ቀይ አለ፤ በእንሶስላ የሞቀ እግር ቀይ አለ። እነዚህ በመለኪያ ቢታዩ አይገጥሙም፤ በትርጉምም አይገናኙም። ቀለም ትርጉም የሚያገኘው በአንድ ዕቃ ላይ አርፎ፣ አንድ ሰው ይዞት፣ በአንድ ወቅት ሲታይ ነው። ስለዚህ ዕቃውን፣ ሠሪውን፣ ተጠቃሚውንና ዘመኑን አብሮ ማጥናት ግድ ይላል። ለዚያ ደግሞ አንድ የትምህርት ዘርፍ ብቻውን አይበቃም።

መመሪያውን የጻፍሁት ለታሪክ፣ ለቋንቋ፣ ለኬሚስትሪና ለጨርቃ ጨርቅ ተማሪዎች፣ ለወረዳ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የአካባቢያቸውን ነገር መዝግበው ማቆየት ለሚሹ መምህራን ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከቀለሙ ሳይሆን ከዕቃው ጀምሩ

“ቀይ ቀለም በጎጃም ባህል” የሚል ርእስ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ቀርቶ ለአንድ ተቋምም ይከብዳል። በምትኩ አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦታና አንድ ወቅት ያለው ጥያቄ ምረጡ። በዘጌ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊ የሆነው በምን ቀለም ተቀብቶ ነው? በእንጅባራ ለጥር 23 የጊዮርጊስ በዓል የሚወጡት ፈረሶች በቀለማቸው ምን ምን ይባላሉ? በደብረ ማርቆስ ገበያ ነጠላ የምትገዛ ሴት ጥለቱን የምትመርጠው በምን አስባ ነው? የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ልብስ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ በዛ?

ጥያቄው ጥሩ መሆኑን የምትፈትኑበት መንገድ አለ። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች ስለዚያው ዕቃ ሦስት የተለያየ ነገር ሊነግሯችሁ ይገባል። የእናቶችን የአንገት ንቅሳት ለምሳሌ እንውሰድ። ንቅሳቱ የተሠራው ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ ጥቁር ነው። በአንገት ላይ ሲታይ ግን ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጥላሸቱ አልተለወጠም። ቀዩ ብርሃን በቆዳው ውስጥ ዘልቆ ጥላሸቱ ጋ ይደርስና እዚያው ተውጦ ይቀራል፤ ሰማያዊው ግን ሳይዘልቅ በቆዳው ውስጥ ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ይህን የፊዚክስ ሰው ይነግራችኋል። የቋንቋ ሰው ደግሞ “ባለቤቶቹ ራሳቸው ቀለሙን ምን ይሉታል?” ብሎ ይጠይቃል። የታሪክ ሰው ማን ይነቅስ እንደነበር፣ በስንት ዓመት እንደሚነቀሱ፣ ልጆቻቸው ለምን እንደተዉት ይጠይቃል። ሦስቱን ካላገናኛችሁ “ንቅሳት አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ልምላሜ ነው” የሚል ከንቱ ድምዳሜ ላይ ትወድቃላችሁ።

2. የሥራ ጓዶቻችሁን ምረጡ

ቡድኑ ትልቅ መሆን የለበትም። አንድ የታሪክ ወይም የቋንቋ አጥኚ፣ ቁሳቁስ የሚያውቅ ሰው (ኬሚስት ወይም የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ) እና ከአገሬው አንድ አዋቂ ይበቃሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለው ስለ ክርና ስለ ማቅለሚያ የሚጠየቅ ሰው ሩቅ አይደለም። የአገሬው አዋቂ ማለት እንደ ዕቃው ነው፤ ለብራና ቁም ጸሐፊ፣ ለሥዕል መሪጌታና ሠዓሊ፣ ለጥለት ሸማኔ፣ ለሰፌድና ለመሶብ አክርማ አቅልማ የምትሰፋ ሴት።

እነዚህን ሰዎች “መረጃ ሰጪ” ብሎ በዝርዝር መጨረሻ ላይ መጣል ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል። ቁም ጸሐፊው ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል በጥብጦ ለወራት አብላልቶ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ጥያቄውን ስትቀርጹ ከመጀመሪያው አብሯችሁ ይቀመጥ። አብዛኛውን ጊዜ የተሻለውን ጥያቄ የሚያነሣው እሱ ነው።

3. ፈቃድና ሥርዓት

ለቤተ ክርስቲያን ንብረት ከሀገረ ስብከቱ፣ ከዚያም ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው በር ያስከፍታል እንጂ ልብ አያስከፍትም፤ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን አይተካም። ለቅርስ ጥናት በዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይወጣል። ከሥዕሉም ሆነ ከብራናው ቅንጣት ታህል ናሙና ያለ ፈቃድ አይነሣም።

የቡድኑን ስብጥር ስትወስኑ በጣና ደሴቶች ያሉት ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት መሆናቸውን አስቡ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ግን ለሴቶችም ክፍት ናቸው። መቅደስ ውስጥ ለመግባት አትጠይቁ፤ የግድግዳው ሥዕል ከቅድስቱ በኩል ይታያል። አስተማሪውን የኔታ፣ መነኩሴውን አባ፣ በዕድሜ የገፉትን እናት እማማ ብላችሁ ቅረቡ። ድምፅ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ “ይሄ አይቀረጽ” ካሉ መቅረጫውን ዓይናቸው እያየ አጥፉት።

ብራና የሚነካው በታጠበና በደረቀ እጅ ነው። ጣትን በምራቅ አርሶ ገጽ መግለጥ ለብራናውም ለእናንተም መጥፎ ነው፤ አንዳንዱ ቀይ ሜርኩሪ፣ አንዳንዱ ቢጫ አርሰኒክ አለበትና።

4. ስሙን ሰብስቡ፤ ግን ስም አትስጡ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። “ይሄ ቀይ ነው?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ “አዎ” የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና። “ይሄን ምን ትሉታላችሁ?” በሉ፤ ከዚያም ዝም በሉ። የተለያየ ቀለም ያላቸው ክሮችን በመሶብ ክዳን ላይ በትኑና “የሚዛመደውን ከሚዛመደው ጋር አድርጉልኝ” በሉ። አመዳደቡን ከጨረሱ በኋላ ለእያንዳንዱ ምድብ ስም ጠይቁ። ሥራው በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሥር፣ ለሁሉም ሰው በተቀራራቢ ሰዓት ይሁን። በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን ሰማያዊና አረንጓዴ ይቀላቀላሉ። ቀይንና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች እንዳሉም አትርሱ፤ ችግሩ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበዛል።

በ1969 የቋንቋና የባህል ተመራማሪዎቹ ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የዓለም ቋንቋዎች መሠረታዊ የቀለም ስሞች ቢበዛ በ11 ምድቦች እንደሚጠቃለሉ ጽፈው ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። ቀጥሎ የተካሄደው ሰፊ ቅኝት 330 ባለቀለም ካርዶችን ይዞ በ110 ቋንቋዎች ተናጋሪዎችን ጠይቋል። ካርዱ ጠቃሚ ነው፤ መልሶችን ለማነጻጸር ያስችላል። ጎጃም ላይ ግን ካርድ ብቻውን ያሳስታል። እዚህ ከቀለም ስሙ ሀብት ትልቁ ድርሻ ያለው በእንስሳ ላይ ነው። ዶሮ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ ትባላለች፤ በሬ ቡሬ፣ ቦቃ፣ ዳለቻ ይባላል፤ ፈረስ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ ይባላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ አንድ ቀለም ብቻ አይደሉም፤ የነጭና የጥቁር ቅልቅል፣ ነጥብ፣ ግንባር ላይ ያለ ምልክት ናቸው። አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ካርድ ላይ ዛጎልማን ማንም አያገኛትም። ስለዚህ ካርዱን ትታችሁ የዶሮ ተራ ሂዱ። ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ስሙ ራሱ ይወጣል፤ የትኛዋ ዶሮ ለበዓል እንደምትፈለግ፣ የትኛዋ እንደምትቀር፣ የትኛዋ ዋጋዋ እንደሚጨምርም አብሮ ይወጣል።

የሰው መልክ ሌላ ዓለም ነው። ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር የሚባሉትን ከጨርቅ ቀለም ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አትጻፉ። አዊ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የአገውኛውን ስም በአገውኛ ተናጋሪ ለብቻው አስመዝግቡ፤ በአማርኛ ጠይቆ “ትርጉሙ ይሄ ነው” ማለት የአገውኛውን አከፋፈል ይሰውራል።

5. ዕቃውን በቅርበት ዕዩ

መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በማጉያ መነጽር፣ ከዚያ በካሜራ፣ መጨረሻ በመሣሪያ ዕዩ። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ።

ፎቶ ስታነሡ ከዕቃው አጠገብ ግራጫ ካርድና የቀለም መለኪያ ካርድ አስቀምጡ። ፍላሽ አትጠቀሙ። ስልክ ቀለሙን በራሱ ያሳምራል፤ ስለዚህ ማሳመሪያውን አጥፍታችሁ፣ ከተቻለ ያልተጨመቀውን ፋይል አስቀምጡ። ያለ ካርድ የተነሣ ፎቶ ለማስታወሻ ይሆናል፤ ለማነጻጸር አይሆንም።

በማጉያ መነጽር የሚታየው ብዙ ነው። ቀለሙ ደቃቅ ነው ወይስ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ቅንጣት አለው? ከሥሩ ሌላ ቀለም ይታያል? ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል? በጣና ዙሪያ ብዙው የመቅደስ ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ የጨርቁ ድርና ማግም ይጠናል።

ቀጥሎ ኬሚስቱ ይግባ። ዕቃውን ሳይነኩ የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ በቀለሙ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ይናገራል፤ በቀይ ላይ ሜርኩሪ ካገኘ ቨርሚልየን፣ በቢጫ ላይ አርሰኒክ ካገኘ ኦርፒመንት፣ በሰማያዊ ላይ ኮባልት ካገኘ ስማልት (ከብርጭቆ የሚፈጭ ሰማያዊ) ወይም ከእሱ በኋላ የመጣው ኮባልት ሰማያዊ መሆኑን ያመለክታል። ከዕፅ የሚገኘውን ኢንዲጎ ግን አያይም። ኢንዲጎንና አልትራማሪንን (ቀድሞ ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ይወጣ የነበረውን ሰማያዊ) ለመለየት ራማን የተባለው በሌዘር ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ይሻላል። በኢትዮጵያ ብራናዎችና ሥዕሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ቨርሚልየን፣ ኦርፒመንት፣ ኢንዲጎና ስማልት ተገኝተዋል። ስለዚህ “ቀለሙ ሁሉ ከአገር ውስጥ አበባና ቅጠል ነው” የሚለው የተለመደ ገለጻ በየዕቃው መፈተን አለበት። ይህ ሠዓሊዎቻችንን አያሳንስም። እንዲያውም ገዳማቱ ከሩቅ ንግድ ጋር ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ ያሳያል።

የቀለሙ ዓይነት ለዘመን ማወቂያም ይሆናል። ፕሩሺያን ሰማያዊ በበርሊን የተሠራው በ1700ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኮባልት ሰማያዊ በ1802፣ በፋብሪካ የሚሠራው አልትራማሪን በ1828 መጡ። በመጀመሪያው የሥዕል ድርብ ላይ አልትራማሪን ተገኝቶ ራማን የሚያሳየው የፋብሪካው ከሆነ፣ ሥዕሉ ከ1828 በፊት ነው ማለት አይቻልም። ግን ተጠንቀቁ፤ ሥዕል ሲደበዝዝ እንደገና ይቀባል። ከላይ ያለው አዲስ ቀለም የጥገናውን ዘመን ይናገራል እንጂ የሥዕሉን አይናገርም።

ዛሬ የሚታየው ቀለም ትናንት የነበረው ላይሆንም ይችላል። እርሳስ ከተባለው ማዕድን የሚሠራ ቀይ ይጠቁራል። ስማልት ሰማያዊነቱን እያጣ ግራጫ ይሆናል። በኢንዲጎና በኦርፒመንት ቅልቅል የተሠራ አረንጓዴ ቢጫው ሲለቅ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የጧፍና የዕጣን ጢስ ሁሉንም ያጨልማል። “ሠዓሊው ጥቁር የመረጠው ኀዘንን ለመግለጽ ነው” ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያ ጥቁር ከመጀመሪያውም ጥቁር እንደነበር አረጋግጡ።

6. ዘመን ያላቸውን ዕቃዎች ችካል አድርጉ

የቀለም ታሪክ የሚጻፈው ዘመኑ ከታወቀ ዕቃ ተነሥቶ ወደማይታወቀው በመሄድ ነው። በደጋ እስጢፋኖስ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ አሠርተውታል፤ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩ በመካከሉ የቀለም አያያዝ እንዴት እንደተለወጠ በዓይን ይታያል። የናርጋ ሥዕሎች በሚመደቡበት በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ ይቀባል። ብዙ ጎብኚ ይህን አይቶ “ሰንደቅ ዓላማችን” ይላል። ባለ ሦስት ቀለሙ ሰንደቅ ቅርጹን የያዘው ግን በ1897 ነው፤ ሥዕሎቹ ይቀድሙታል። የኋላውን ትርጉም ወደ ፊተኛው ሥዕል መጫን በቀለም ጥናት ከሁሉም የበዛው ስሕተት ነው።

ለጨርቅ ደግሞ የንግዱን መንገድ ተከተሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ ከዐባይ ማዶ የሚመጣውን ከሰሜን ከሚመጣው ጋር ያገናኝ ነበር። በጃኖው ላይ ያለው ቀይ ክር ከየት መጣ? በምን ተቀለመ? እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የጨርቅ ማቅለሚያ በ1856 አገኘ፤ ማደር ከሚባለው ተክል ሥር የሚወጣው ቀይ ማቅለሚያ አሊዛሪን በ1868 በላቦራቶሪ ተሠራ፤ በፋብሪካ የተሠራ ኢንዲጎ በ1897 ለገበያ ቀረበ። በሣጥን ተጠብቆ የቆየ የአያት ጃኖ ቢገኝ፣ ከጥለቱ ጫፍ በባለቤቱ ፈቃድ የምትወሰድ አንዲት ስንጥር ክር ማቅለሚያው የተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ መሆኑን ትናገራለች። ከዚያ ቀጥሎ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ሥራ ሲጀምር በገበያው ላይ ምን እንደተለወጠ የሚያስታውሱ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ዛሬም አሉ። እነሱን ቶሎ ጠይቁ፤ ማኅደሩ ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም።

7. ትርጉሙን ከአጋጣሚው አግኙት

“ይህ ቀለም ምን ያመለክታል?” የሚለውን ጥያቄ ከመጨረሻ አድርጉት። ቀድሞ ከተጠየቀ ሰው ከትምህርት ቤትና ከቴሌቪዥን የሰማውን ዝርዝር ይመልስላችኋል። ይልቅ “መቼ አይለበስም?” “ይህን ለብሳ ለቅሶ ብትሄድ ምን ይሏታል?” በሉ። ክልከላ ከምሳሌያዊ ትርጉም ይልቅ እውነቱን ያወጣል።

ነጠላ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ያው ነጭ ነጠላ፣ ያው ጥለት፣ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ተጣፍቶ ይለበሳል፤ ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። ቀለሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። አለባበሱን ሳይመዘግብ “ነጭ የደስታ ቀለም ነው” የሚል አጥኚ ግማሹን ነገር አላየም። ቢጫንም እንዲሁ ዕዩ፤ በመስከረም ሜዳውን የሚሞላው የአደይ አበባ ቢጫና መነኩሴ የሚለብሰው ቢጫ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ እንኳ አንድ ትርጉም የላቸውም።

እንሶስላን ደግሞ ከሥሩ እስከሚለቅበት ቀን ድረስ ተከተሉ። ሥሩ ይቆፈራል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል፤ እጅና እግር ላይ ተደርጎ ተጠቅልሎ ያድራል። ማን ቆፈረ? ማን ለማን አደረገ? ለፍልሰታ ነው ወይስ ለሠርግ? ቀለሙን በየቀኑ በአንድ ሰዓት በካርድ አጠገብ ፎቶ አንሡ፤ ባለቤቷ “ያዘልኝ”፣ “ደበዘዘ”፣ “ለቀቀ” የምትልበትን ቀን ጻፉ። የመሣሪያው ቁጥርና የሷ ቃል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥሩ ቀይ ማለት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ትረዳላችሁ።

ብራና ላይ ደግሞ አንድ ተአምረ ማርያም ወይም አንድ ገድል ምረጡና በቀይ የተጻፈውን ስም ሁሉ ልቀሙ። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሱ ስም፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም ይገኛል። ተፍቆ በሌላ ሰው ስም የተተካ ቦታ ካለ ቀዩን በማጉያ ዕዩት፤ ሁለቱ ቀዮች ከተለያዩ መጽሐፉ እጅ መለወጡን አገኛችሁ።

ሁለት መሪጌቶች ስለ መጎናጸፊያው ሰማያዊ የተለያየ ማብራሪያ ቢሰጡ ሁለቱንም ከነስማቸው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከነተማሩበት ጉባኤ ቤት መዝግቡ። ልዩነቱ ራሱ ግኝት ነው፤ ምናልባት ከሁለት የትምህርት ቤት ወግ የመጣ ነው። አማካይ አታውጡለት።

8. አንድ ላይ አምጡት

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይኑረው። በዚያ ገጽ ላይ የዕቃው ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀለሙ የተሠራበት ነገር፣ ባለቤቱ የሚጠራበት ስም፣ ማን መቼ እንደሚጠቀምበት፣ የዘመን ማስረጃው፣ እያንዳንዱን ነገር ማን እንደተናገረ ይጻፍ። የመሣሪያ ውጤትና የሰው ቃል ሲጋጩ አንዱን አትሰርዙ። ካህኑ “ከአበባ ነው” ብሎ መሣሪያው ሜርኩሪ ቢያሳይ፣ የቀለሙ ምንጭ አንድ ጥያቄ ነው፤ ካህኑ ለምን ከአበባ እንደሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

ጽሑፉን ከማሳተማችሁ በፊት ለተናገሩት ሰዎች በአማርኛ አንብቡላቸው፤ ያረሙትን አርሙ። የፎቶዎቹን ቅጂ አትማችሁ ለደብሩ፣ ለሸማኔው፣ ለእናቶቹ ስጡ። ጥንታዊ ሥዕል ወይም ብራና ከሆነ ግን የሚቀመጥበትን ሣጥንና ክፍል፣ ቁልፉን የሚይዘውንም ሰው በሚታተመው ጽሑፍ ውስጥ አታስገቡ፤ በዝርፊያ የጠፋብን ቅርስ ብዙ ነው። ሙሉው መረጃ በደብሩና በዩኒቨርሲቲው ማኅደር ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ፋይሉ ላይም ማን፣ በምን ፈቃድ፣ ከመቼ ጀምሮ ሊያየው እንደሚችል ይጻፍበት።